ካኑላ ያለበት እጅ ሲያም፣ ሲያብጥና ሲቀላ ምን ይደረጋል?

ጉሉኮስ የተሰቀለለት ወይም ካኑላ (መድኃኒትና ፈሳሽ በደም ስር የሚሰጥበት ትንሽ ቱቦ) የገባለት ሰው እጁን ሲያመው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው መቻልን ነው። «ነርሷ ስንት ሰው አለባት፣ አሁን ብጠራት ነቅላ ሌላ ቦታ ልትወጋኝ ነው፣ ደግሞ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው» እያለ ጥርሱን ነክሶ ይቆያል። ከባዱ ጉዳት የሚያድገው እዚህ ይሉኝታ ውስጥ ነው። በአምስተኛው ደቂቃ ቢነገር ካኑላውን በመንቀል ብቻ የሚያልፈው ነገር፣ በአምስተኛው ሰዓት እጅ አሳብጦ፣ አንዳንዴም ቆዳ አቁስሎ ይገኛል። በደንብ የገባ ካኑላ አያምም። ሲወጋ ያማል፤ ከዚያ በኋላ ግን እዚያ መኖሩን ሊረሱት ይገባል። ካላስረሳዎ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ይህ የተጻፈው ለታማሚውና አጠገቡ ለሚቀመጠው አስታማሚ ነው። ሆስፒታል ለተኙም፣ ጠዋትና ማታ መርፌ ለመወጋት ካኑላው እንደታሰረ ከቤት ክሊኒክ ለሚመላለሱም ያገለግላል።

መርፌው እጅዎ ውስጥ የለም

ብዙ ሰው ብረቱ ውስጥ የቀረ እየመሰለው እጁን እንደ እንጨት አድርቆ ይቀመጣል። ብረቱ መንገድ ከፍቶ ወጥቷል። ውስጥ የቀረው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ጣቶችዎን ማንቀሳቀስ ይችላሉ፤ እንዲያውም ቢያንቀሳቅሱ ለደም ዝውውሩ ጥሩ ነው። የማይፈለገው ቱቦው ያለበት መገጣጠሚያ መታጠፉ ነው።

የካኑላው ቀለም የቱቦውን ውፍረት ይናገራል። ቢጫው 24 ቁጥር ሲሆን ለሕፃናትና ደም ስራቸው ለሳሳ አረጋውያን ነው። ሰማያዊው 22፣ ሮዙ 20፣ አረንጓዴው 18፣ ግራጫው 16 ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቱቦው ይወፍራል። ለአንቲባዮቲክና ለተራ ጉሉኮስ ሰማያዊው ወይም ሮዙ ይበቃል። ወፍራም ቱቦ ቀጭን ደም ስር ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን ይፈገፍጋል። ደሙ በዙሪያው አልፎ መድኃኒቱን የሚያቀጥንበት ቦታም ስለማይተርፍ ያቃጥላል። አረንጓዴና ግራጫ ለቀዶ ሕክምና፣ ለአደጋና ደም ለሚፈሳት ወላድ ናቸው፤ እዚያ ላይ ስለ ምቾት አይከራከሩም።

ከመወጋትዎ በፊት ቦታውን ይነጋገሩበት

«ሲስተር፣ የሚቻል ከሆነ በግራ እጄ ይሁንልኝ» ማለት ነውር አይደለም። የምንበላው በቀኝ እጃችን ነው። እንጀራ በሚቆርስ እጅ ላይ የገባ ካኑላ በቀን ሦስቴ ውሃ ይነካዋል፣ ወጥ ይደርስበታል፣ ፕላስተሩ ርሶ ይላቀቃል፣ በተላቀቀው በኩል ደግሞ ጀርም ይገባል።

ከሁሉም የሚሻለው ከአንጓ በላይ ያለው የክንድ ክፍል ነው። አይታጠፍም፣ ደም ስሩም ወፈር ይላል። የእጅ ጀርባ ሁለተኛ ነው። የክርን መታጠፊያ ለመውጋት ይቀላል፣ ለመቆየት ግን አይመችም፤ እጅ በታጠፈ ቁጥር ቱቦው ይታጠፋል፣ ጠብታው ይቆማል፣ የደም ስሩም ግድግዳ ይቆስላል። አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል ያለው ጎን ነርቭ የሚያልፍበት ስለሆነ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ቦታ ነው። የአዋቂ እግር ደግሞ ደም የመርጋት አደጋ ስላለው ያለ ግድ አይነካም።

ሳይጠየቁም መናገር ያለብዎ ነገሮች አሉ። ለኩላሊት እጥበት ፊስቱላ (በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ስር መስመር) የተሠራበት እጅ በፍጹም አይወጋም። ጡቷን በቀዶ ሕክምና ያወጣችና የብብት እጢዎቿ የተነሱ ሴት በዚያው በኩል ባለው እጇ ካኑላ ባይገባ ይመረጣል። በስትሮክ የደከመ እጅ ሕመሙን ስለማይናገር አይመረጥም። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ይንገሩ።

«ደም ስሯ ጠፋ» ከተባለ እጅን በሞቀ ፎጣ ለ5 ወይም 10 ደቂቃ መጠቅለል፣ ከአልጋው ጎን ወደ ታች ማንጠልጠል፣ ካልተከለከሉ ውሃ መጠጣት ይረዳል። አንድ ባለሙያ ሁለቴ ሞክሮ ካልተሳካለት ሌላ ሰው ይጥራ፤ ይህ በሙያው የታወቀ ሥርዓት እንጂ ንቀት አይደለም።

ቆዳው 70 በመቶ አልኮል ባለው ጥጥ ለ30 ሰከንድ ያህል ይታሻል፣ ከዚያ እስኪደርቅ ይጠበቃል። እርጥብ ላይ ሲወጋ አልኮሉ ያቃጥላል፤ ጀርሙም ገና አልሞተም። ከተጠረገ በኋላ ደም ስሩን በጣት መልሶ መዳበስ የጠረጉትን ማቆሸሽ ነው።

መርፌው ሲገባ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ጣቶችዎ ከሮጠ ወዲያው «ነዘረኝ» ይበሉ። ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው፤ መርፌው መውጣት አለበት፤ እዚያው ላይ ማስተካከል አይሞከርም። የሚወጣው ደም ደማቅ ቀይ ሆኖ እንደ ልብ ትርታ እየዘለለ ከሆነ ደግሞ የተወጋው ደም ወሳጅ ቧንቧ ነው። ይነቀላል፣ ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ተጭኖ ይያዛል።

ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት

አዋቂ ታማሚ ቢያንስ በየ4 ሰዓቱ፣ ሕፃን ወይም ራሱን ያላወቀ ሰው ጠብታ እየወረደለት እስካለ ድረስ በየሰዓቱ መታየት አለበት። ይህ የነርስ ሥራ ቢሆንም አስታማሚ ቢያየው ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱንም እጆች አንሶላው ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡና መብራት ያብሩ። ካኑላ ያለበት ከሌላው ወፍሯል? ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል? የአንጓው አጥንትና የጣቶቹ መገጣጠሚያ በዚያኛው እጅ እየታዩ በዚህኛው ጠፍተዋል? ቀጥሎ በእጅዎ ጀርባ ሁለቱንም ይንኩ፤ የጣት ጫፍ ሙቀት ለመለየት እንደ እጅ ጀርባ አይሆንም። መጨረሻ ላይ ከካኑላው በላይ፣ ወደ ክርን በሚሄደው መስመር፣ በጠቋሚ ጣትዎ ለስለስ አድርገው ይዳብሱ።

እዚህ ላይ መጽሐፍ የማይናገረው ነገር አለ። «መቅላት» የተባለው ምልክት በነጭ ቆዳ የተጻፈ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቀይ ላይታይ ይችላል፤ ከአካባቢው ጠቆር ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ወይም የሚያብለጨልጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ እጅን ይመኑ። ሙቀት፣ ጥንካሬና ሲነካ ማመም በማንኛውም ቆዳ ላይ እኩል ይገኛሉ።

በጣም ካበጠና ከቀዘቀዘ፣ ፈሳሹ ከደም ስር ውጭ እየፈሰሰ ነው። ከሞቀና በመስመሩ ከጠነከረ፣ ደም ስሩ ተቆጥቷል። መድኃኒቱ ሲሰጥ ብቻ አቃጥሎ ሲያልቅ የሚተው ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ የፍጥነት ወይም የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ከተነቀለ በኋላም የሚዘልቅ መደንዘዝና ንዝረት የነርቭ ነው። መግል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ኢንፌክሽን ነው።

ሲያብጥና ሲቀዘቅዝ፦ ፈሳሹ ከደም ስር ወጥቷል

ቱቦው ተንሸራቶ ወይም የደም ስሩን ግድግዳ ቀዶ ወጥቷል፤ ጉሉኮሱ ሥጋ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ጠብታው ይዘገያል ወይም ይቆማል። የሚያሳስተው ግን ሁልጊዜ አለመቆሙ ነው። «ደም ይመልሳል፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚለውም አያስተማምንም። ቱቦው ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ ደም እየመለሰም ሊፈስ ይችላል። እጁ ካበጠ አብጧል።

1. የጠብታ መቆጣጠሪያዋን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። አስታማሚ ያለ ፈቃድ መቆጣጠሪያውን መንካት የሚችለው ለዚህ ብቻ ነው፤ ለመዝጋት እንጂ ለመክፈት አይደለም።
2. ነርስ ይጥሩ፤ ሲጠሩም ከምልክቱ ጋር ይጥሩ፦ «ሲስተር፣ የአባቴ እጅ ካኑላው አጠገብ አብጧል፣ ቀዝቅዟል፣ ጉሉኮሱን ዘግቼዋለሁ።» «ያመዋል» ብቻ ካሉ ከአሥር ሰው በኋላ ሊደርስዎ ይችላል።
3. ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት አሁኑኑ ይውለቁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀለበቱ በመቁረጫ ነው የሚወጣው።
4. ይፈስ የነበረው ምን እንደሆነ ከላስቲኩ ወይም ከጠርሙሱ ላይ ያንብቡ፤ ቀጣዩ እርምጃ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ተራ ፈሳሽ ከሆነ፣ ማለትም ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ)፣ ሪንገር ላክቴት ወይም 5 በመቶ ግሉኮስ፣ ካኑላው ይነቀላል። እጁ ከልብ ከፍ ብሎ በትራስ ወይም በታጠፈ ጋቢ ላይ ይቀመጣል። የሞቀም የቀዘቀዘም ጨርቅ ይሆናል፤ ታማሚው የተመቸውን ይምረጥ፣ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ፣ በቀን 3 እና 4 ጊዜ። የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ አክብበው ሰዓት ይጻፉበት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከመስመሩ ካለፈ ሐኪም ይየው። ተራው እብጠት ብዙውን ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ይሰረጋል።

ሥጋ የሚያቃጥል መድኃኒት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። 40 በመቶ ግሉኮስ፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ፌኒቶይን፣ ፕሮሜታዚን፣ ኖርአድሬናሊን፣ ከካንሰር መድኃኒቶች ደግሞ ዶክሶሩቢሲንና ቪንክሪስቲን ከእነዚህ ናቸው። እዚህ ላይ ካኑላው ቶሎ አይነቀልም። መጀመሪያ መድኃኒቱ ይቆማል። ከዚያ ባለሙያው በትንሽ ሲሪንጅ በዚያው ካኑላ በኩል የቀረውን ያህል ይስባል፤ የሚነቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ሳላይን ገፍቶ «ማጠብ» መርዙን ወደ ውስጥ መበተን ነው። በራስዎም ምንም ነገር አይያዙበት፤ ለዶክሶሩቢሲን ቀዝቃዛ፣ ለቪንክሪስቲን ሙቅ ነው የሚያስፈልገው፣ ከተገላበጠ ጉዳቱ ይብሳል። ለአንዳንዶቹ ማርከሻ መድኃኒት ስላለ ሐኪም በዚያው ሰዓት መጠራት አለበት። ቆዳው ዛሬ ደህና መስሎ ከቀናት በኋላ ውሃ ሊቋጥርና ሊጠቁር ስለሚችል ክትትሉ ይቀጥላል።

በሁለቱም ሁኔታ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ፣ ወይም ሌላ ሰው ጣቶቹን ሲዘረጋቸው የሚያስጮህ ሕመም ካለ፣ እብጠቱ ውስጡን አፍኖታል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋ ነው።

አዲስ ካኑላ በሌላው እጅ ይገባል፤ ካልተቻለ በዚያው እጅ ካበጠው ቦታ በላይ። ከታች ከገባ ፈሳሹ ሄዶ በተቀደደው ቦታ ይወጣል።

ሲሞቅና ሲጠነክር፦ ደም ስሩ ተቆጥቷል

ሐኪሞች ፍሌባይተስ ይሉታል። ምክንያቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ቱቦው መፈግፈጉ፣ መድኃኒቱ ማቃጠሉ፣ ወይም ጀርም መግባቱ። ነርሶች ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጡታል። ቀላል ሕመም ወይም ቀላል መቅላት ብቻ ከሆነ 1 ነው፤ ይጠበቃል፣ ቶሎ ቶሎ ይታያል። ሕመም፣ መቅላትና እብጠት ከሚባሉት ሁለቱ አብረው ከመጡ 2 ነው፤ ከ2 ጀምሮ ካኑላው ይነቀላል። «ይቺን አንድ ዶዝ ብቻ ይስጡበትና» አይባልም፤ በተቆጣ ደም ስር ውስጥ የሚገባው ያ አንድ ዶዝ ነው ወደ 4 የሚያደርሰው፣ ማለትም ከቆዳ ሥር እንደ ገመድ የሚዳበስ ደም ስር። ትኩሳት ሲጨመርበት 5 ይሆናል።

ከተነቀለ በኋላ፦

ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክረው ይጭመቁ፣ በክንድዎ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይሞክሩት፤ ሙቀቱ የሚመች እንጂ የሚለበልብ አይሁን። ለ15 ወይም 20 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይያዙበት። የስኳር ሕመምተኛና መዳሰስ የደከመው ሰው ሙቀቱን ሌላ ሰው ይለካለት፤ ሳያውቅ ይቃጠላል። እጅ ከፍ ብሎ ይረፍ።

ለሕመሙ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ከምግብ በኋላ ይሠራል። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ግን አይውሰድ። ለእነሱ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 2 እንክብል በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 እንክብል ሳይበልጥ። ጉበት ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪም ይጠይቅ። ዳይክሎፌናክ ጄል ቆዳው ካልቆሰለ በስሱ መቀባት ይቻላል።

ማሸት የለም። ውስጡ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል። ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚና የጥርስ ሳሙናም የለም። ቀዳዳው ገና አልተዘጋም፤ የተቀባው ነገር ጀርም ይዞ ይገባል፤ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ደግሞ ራሳቸው ቆዳ ይልጣሉ። አንቲባዮቲክም ያለ ኢንፌክሽን ምልክት አያስፈልግም።

መድኃኒቱ ሲሰጥ የሚያቃጥለው

እዚህ ላይ አብዛኛው ነገር የሰዓት ጉዳይ ነው። በደም ስር ጠዋትና ማታ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም ለመርፌ በተዘጋጀ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ይሰጣል። በ20 ሰከንድ ሲገፋ ያቃጥላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ደም ስሩንም ያስቆጣል። ስልክዎ ላይ ሰዓት ከፍተው «ቀስ ቢሉልኝ» ቢሉ መብትዎ ነው። በጡንቻ የሚወጋው ሴፍትሪያክሶን አንዳንዴ በሊዶኬይን (በማደንዘዣ መድኃኒት) ይበጠበጣል፤ በሊዶኬይን የተበጠበጠ በፍጹም በካኑላ አይገባም፤ ልብ ያውካል። በሪንገር ላክቴትም አይበጠበጥም፣ አብሮም አይወርድም። ሪንገር ካልሲየም ስላለው ሁለቱ ሲገናኙ ደቃቅ ዝቃጭ ይሠራሉ፤ በመሃል ቱቦው በሳላይን መታጠብ አለበት። ከ28 ቀን በታች ላለ ጨቅላ፣ ካልሲየም ያለው ፈሳሽ በደም ስር የሚወስድ ከሆነ፣ ሴፍትሪያክሶን ጨርሶ አይሰጥም።

ቫንኮማይሲን 1 ግራም ከ60 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አይሰጥም፤ ከፈጠነ ፊትና አንገት ያሳክካል፣ ይቀላል፣ ግፊት ይወርዳል። ሲፕሮፍሎክሳሲንም አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ፖታሲየም ሳይቀጥን አይሰጥም፤ በእጅ ደም ስር በ1 ሊትር ውስጥ እስከ 40 ሚሊሞል (የፖታሲየም መጠን መለኪያ)፣ በሰዓትም ወደ 10 ሚሊሞል ነው የተለመደው ልክ። እንደ እሳት ካቃጠለ ፍጥነቱ ይቀነስ ወይም ይበልጥ ይቅጠን።

ጠብታውን መቁጠር ለሚፈልግ አስታማሚ፦ የአዋቂ የጉሉኮስ መስመር ብዙ ጊዜ 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር ነው (ማሸጊያው ላይ ተጽፏል)። 100 ሚሊ ሊትር በአንድ ሰዓት እንዲያልቅ በደቂቃ 33 ጠብታ ገደማ፣ 1 ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ 42 ገደማ ይወርዳል። ከዚያ እጥፍ ሲሮጥ ካዩ ይንገሩ።

ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ሳላይን መግባት አለበት። የፊተኛው ካኑላው መሥራቱን ያሳያል፤ የኋለኛው መድኃኒቱ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ እንዳያቃጥል ይጠርጋል። ሳላይኑ ሲገባ ካመመ ወይም አልገባም ካለ በጉልበት አይገፋም። የረጋ ደም ወደ ውስጥ ይላካል፣ ወይም ደም ስሩ ይፈነዳል።

ካኑላ ይዞ ቤት ማደር

- በመጀመሪያ የገባበት ቀንና ሰዓት ፕላስተሩ ላይ ይጻፍ። ብዙ ጤና ተቋማት በ72 እና 96 ሰዓት መካከል ይቀይራሉ፤ አዳዲስ መመሪያዎች ምልክት እስካልታየና እስከሠራ ድረስ ይቆይ ይላሉ። በጥድፊያ፣ በመንገድ ወይም በአደጋ ክፍል የገባ ግን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይቀየራል። ለ24 ሰዓት ምንም ያልተሰጠበት ካኑላ ቢነቀል ይሻላል፤ «ምናልባት ካስፈለገ» ተብሎ የሚቀመጠው የጀርም በር ነው።
- ልብስ ሲለብሱ ካኑላ ያለበት እጅ ቀድሞ ይገባል፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ይወጣል። የሹራብ ጠባብ እጅጌና የነጠላ ጥለት ካኑላ በመንቀል የታወቁ ናቸው።
- ለገላ መታጠቢያ እጁን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልለው ከላይና ከታች በፕላስተር ይዝጉ፤ ጎማ አይሰሩበት። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም ካኑላው እስኪነቀል ይጠጡት ወይም እጁን እንዲሁ ጠቅልለው ይጠመቁ። ፕላስተሩ ከራሰ ደርቆ እስኪለጠፍ አይጠበቅም፤ ይቀየራል።
- ክዳኗ ከወደቀች መልሰው አይክደኗት። ንጹሕ ጎዝ ይዘው ጤና ተቋም ይሂዱ።
- ካኑላው ራሱ ከወጣ እንመልሰው አይባልም፤ ተጭነው ይያዙ።

ሕፃን «አመመኝ» አይልም። ሳላይን ሲገባ በሳላይኑ ልክ የሚያለቅስ፣ ወይም በድንገት እጁን መጠቀም የተወ ልጅ እየነገረዎ ነው። እጁ በካርቶን ተደግፎ ሲታሰር የጣቶቹ ጫፎችና ካኑላው የገባበት ቦታ መታየት አለባቸው። ባንዴጅ ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው እብጠቱን ማንም አያየውም። ልጅ ሲያዝሉም ካኑላ ያለው እጅ ከአንቀልባው ውጭ ይሁን።

ደም ወደ ቱቦው ሲመለስና አረፋ ሲታይ

ጉሉኮሱ ሲያልቅ ወይም ታማሚው እጁን ዝቅ አድርጎ ላስቲኩ ከፍ ሳይል ሲቀር ደም ወደ ቱቦው ይመለሳል። ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም፤ መቆጣጠሪያውን ይዝጉና ይጥሩ። ከቆየ ግን ረግቶ ካኑላውን ይደፍናል። ቱቦው ውስጥ የሚታዩ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ያሉ አረፋዎች ሰው አይገድሉም፤ ረጅም የአየር መስመር ከታየ ግን ይዘጋል፣ ነርስ ታስወጣዋለች።

ጠብታ ሲቆም መጀመሪያ ቀላሉን ይፈልጉ፦ ቱቦው ከታማሚው ሥር ተጨፍልቆ ይሆን? ክርኑ ታጥፎ ይሆን? ላስቲኩን መጭመቅ ግን መፍትሔ አይደለም።

ኢንፌክሽን

የገባበት ቀዳዳ መግል ካወጣ፣ መቅላቱ በመስመር ወደ ብብት ከወጣ፣ ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ አይጠበቅም። ከሁሉ የሚያስፈራው ሳላይን ወይም መድኃኒት በካኑላው ከገባ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚመጣ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ነው። ጀርሙ ቱቦው ላይ ተራብቶ በገፉት ቁጥር ወደ ደም እየተረጨ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ካኑላው ይነቀላል፣ ደም ለካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ ለሚለይ ምርመራ) ይወሰዳል፣ አንቲባዮቲክ በሌላ ካኑላ ይጀመራል። ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ።

አነቃቀል፣ ከዚያም በኋላ

መንቀል ያለበት ባለሙያ ነው። ጠብታው ይዘጋል፣ ፕላስተሩ በአልኮል ረጥቦ ከዳር ወደ ካኑላው ይላጣል፣ ጎዝ ቀዳዳው ላይ ይደረጋል፣ ቱቦው በገባበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጫና የሚደረገው ቱቦው ከወጣ በኋላ ነው። ለ2 እና 3 ደቂቃ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ፣ በየመሃሉ «ቆሟል?» እያሉ ሳይገልጡ ይጫኑት። ከክርን መታጠፊያ ከተነቀለ እጁን አጥፎ ጥጡን መቆንጠጥ የተለመደ ነው፤ ግን እሱ ነው የሚያጠቁረው። ክንዱ ተዘርግቶ በጣት ይጫን። ደም አልቆምም ሲል የቡና ዱቄት የሚነሰንሱም አሉ፤ ንጹሕ ጎዝና ትዕግሥት ይበቃል። የወጣው ቱቦ ጫፉ ሙሉ መሆኑ ይታያል።

ከተነቀለ በኋላ ለ48 ሰዓት ቦታውን ይመልከቱ፤ ደም ስር ካኑላው ከወጣ በኋላም ይቆጣል። ጠቁሮ የቀረ ደም በአንድና በሁለት ሳምንት ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ እየተለወጠ ይጠፋል። እንደ ገመድ የጠነከረው ደም ስር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይዳበሳል፤ ሕመሙ እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ አያሳስብም። ሕመሙ ከጨመረ፣ ክንዱ በሙሉ ካበጠ ወይም መደንዘዙ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን በአልትራሳውንድ ወይም በነርቭ ምርመራ መታየት አለበት። በሚቀጥለው ጊዜ ለመወጋት ሲቀርቡም ያ ገመድ የሆነው ደም ስር የት እንዳለ ለነርሷ በጣትዎ ያሳዩ፤ ከላይ ሲታይ ወፍራምና ቀጥ ያለ ስለሚመስል መጀመሪያ የሚመረጠው እሱ ነው።